የተስማማንበት ሹራብ

ውድ ልጄ፣

ደህና መሆንሽን ከልጅሽ ሰምቻለሁና ጤናሽን አልጠይቅም። እኔም ከንዴቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ይህን የሚጽፍልኝ ራሱ ልጅሽ ነው። አልጽፍም ብሎ ነበር። «ምርቃቴን ፈልገህ ከመጣህ ብዕሩን አንሳ» አልኩት፤ አነሳ። አንዲት ቃል ቢያጎድል ወይም ቢያለዝብ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ታነብልኛለች። ፊደል ስላልቆጠርኩ የምሸወድ አይምሰለው። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅሽ ሰኞ ነዳጅ ማከፋፈያው ውስጥ ሥራ ስለሚጀምር ዛሬ ጠዋት ሊመረቅ መጣ፤ ሹራብ ገዝቶልኛል። አገላብጬ አየሁት። «ግራጫ ነው፤ ለሽማግሌ የሚሆን» አልኩ። «አዎ አባባ፣ ግራጫ መርጬ ነው የገዛሁት» አለኝ።

ልጄ፣ እስከዛሬ በቀለም ነገር ከእኔ ጋር የተስማማ ሰው አይቼ አላውቅም። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት አልተስማማችም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ጠረጠርኩ።

ልብስ ሰፊዋ በበሩ ብቅ አለችና ሳቋን ለቀቀችው። «አባባ! ይሄን ሮዝ ለብሰው ሊሞሸሩ ነው? ይንገሩኝና የሙሽሪትን ቬሎ ልስፋ!»

ልጅሽ አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሴትዮዋን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁ።

«አንተም?» አልኩት።

«እኔም።»

«እናትህ ታውቃለች?»

ዝም።

«የዓይን ምርመራውን ታዲያ እንዴት አለፍክ?»

ያን ጊዜ ተናዘዘ። ሐኪሙ በነጠብጣብ ውስጥ የተደበቀ ቁጥር ሲያሳየው፣ ነርስ የሆንሽው እናቱ ከሐኪሙ ጀርባ ቆመሽ በጣትሽ ቁጥሩን ትነግሪው ነበር። አንቺ! ገበያ ስንወጣ እጄን ጎትተሽ «አባዬ፣ እሱ ቲማቲም ጥሬ ነው» እያልሽ ያደግሽ ልጅ!

ዓይኑን አይደለም የምቆጣው። ከእኔ ወጥቶ በአንቺ አልፎ እሱ ላይ አረፈ፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እኔ አላፈርኩበትም፤ እሱም አይፈርበት። ሥራ አጥቶ ቤት ሲውል አንጀትሽ እንዳረረም አውቃለሁ። ግን ከሥራ ሁሉ ይሄን?

«እርስዎስ እዚያው ቦታ አርጅተው የለም እንዴ?» ብሎ ሞገተኝ። አርጅቻለሁ። አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። እኔ የምሠራው በአፍንጫዬ ነበር፤ ቤንዚን ይቆነጥጣል፣ ላምባ ይከብዳል። ዛሬ ግን ጭምብል ሳያጠልቅ ማንም ወደ ቱቦው አይጠጋም፤ የነገረኝ ራሱ ነው። የቤንዚኑ ቱቦ አፉ ቀይ፣ የላምባው አረንጓዴ ተቀብቷል።

«ጽሑፍ የለውም?» አልኩ።

«ቅባት በልቶታል።»

«ታዲያ በምን ልትለይ?»

«ቦታቸውን እሸመድዳለሁ።»

«የቀድሞው ተረኛ ቢያቀያይራቸውስ?»



ቤንዚን የገባበት ላምባ ምን እንደሚሠራ ለአንቺ አይነገርም፤ የተቃጠለውን የምታክሚው አንቺ ነሽ። አንዷ ለልጆቿ ሻይ ልታፈላ ክብሪት ትጭራለች። ቤቱ በእሳት ሲያያዝ «ልጄ ሥራ አጥቶብኝ ነው» ልትያት ነው?

እዚህ ላይ ብዕሩን ወረወረው። «አባባ፣ ይሄን አልጽፍም፤ እማዬን ይገድላታል።»

«አትጻፍ። በእግሬ ሄጄ እነግራታለሁ። ሰኞ ደግሞ ማከፋፈያው በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ቦቴው በእኔ ላይ ሄዶ ይውጣ።»

ጉልበቴን አየት አደረገና «በየትኛው እግርዎ?» አለኝ። ባለጌ! በአንቺ ወጥቷል።

ከዚያ እኔ በሩን አያለሁ፤ ይወጣል ብዬ። ቢወጣ ሮጬ አልይዘው። ተነሣ። በሩን አልነካም፤ ስልኩን አወጣና ለአለቃው ደወለ።

«ጌታዬ፣ ሰኞ አልመጣም። ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ምርመራውን ያለፍኩት አጭበርብሬ ነው።»

ሰውየው ሲጮህ እኔ ድረስ ተሰማ። «ማነው የረዳህ?»

«ማንም።»

«ሐኪሙን ጠይቄ እደርስበታለሁ!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ተመልሶ ተቀመጠና ብዕሩን አነሳ።

ሰማሽ? «ማንም» አለ። አንቺን ሊያድን ሌላ ውሸት ተሸከመ። ሐኪሙ ሳይጠራሽ ቀድመሽ ሂጂና ያደረግሽውን በአፍሽ ንገሪው። «ይቺን እንኳ ልሰርዛት» እያለ ይለምነኛል። አይሰረዝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሞኙ ነኝ፣ ወረቀቱም ይኸው። ከሥራ ሊያስወጣሽ ይችላል፤ አውቃለሁ። ካስወጣሽ ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ያንቺ ነው። በልጅሽ ውሸት ተጠልለሽ ስትኖሪ ግን አልይሽ።

ሥራ ሳይጀምር ከሥራ የወጣ ሰው ሲመረቅ ሰምተሽ አታውቂም ይሆናል። እኔ መረቅሁት። የመረቅሁትን አልጻፈልሽም፤ እጁን ይዤበት ስለነበር ነው።

ያንቺ ምርቃት ደግሞ ከሐኪሙ ዘንድ ስትመለሺ እዚህ አለልሽ።

ጣቱን ያተመው አባትሽ