የደቻሳ ልጆች መዘመር አቆሙ

ቡራዩ፣ ጥር 2010 ዓ.ም.

ውድ ሊሊ፣

ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። «የደቻሳ ልጆች» ከእንግዲህ የሉም። እኔና ሶፊ ባለፈው እሁድ ሱሉልታ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ዘመርን። ከዚህ ወዲያ ማንም ቢጠራን አንሄድም። አትደንግጪ፤ አልተጣላንም፣ የታመመም የለም። ደክሞን ነው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን መስመሩ ሲቆራረጥ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ተባብለን እንደምንዘጋው ታውቂያለሽ። የሐምዱ እህት አሲያ ለሱቋ ዕቃ ልታመጣ ናይሮቢ እንደምትሄድ ስሰማ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩልሽ።

ሰው «መዘመር የት ተማራችሁ?» ሲለን አንቺ ሁሌ «ከአባዬ ግራይንደር» ትዪ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እኛ ግን እውነት መሆኑን እናውቃለን። አባዬ ግቢው ውስጥ የበርና የመስኮት ብረት ሲቆርጥ፣ እኛ ከብረቱ በላይ ለመሰማት እየጮህን ነው ያደግነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው የአማርኛ መዝሙር፣ አባዬ ከሱሉልታ ያመጣው የኦሮምኛ፣ ሁለቱም የቤታችን ነበሩ። የቱ የማን እንደሆነ የሚጠይቀን አልነበረም። እኔ ላይኛውን እይዛለሁ። በዕድሜ ትንሿ ሶፊ በዚያ ወፍራም ድምጿ ታችኛውን። አንቺ መሀሉን። የአንቺን ለብቻው የሰማው ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ዜማ ነው?» ይላል። አንቺ ስትወጪ ግን የእኔና የሶፊ ድምፅ ሜዳ ላይ እንደተበተነ ከብት ይሆናል።

ጎበና ደግሞ ነበረ። የአጎታችን የኦቦ ሌንጂሳ ልጅ፣ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ኪቦርዱን እንደ ሕፃን አቅፎ ከሱሉልታ በታክሲ የሚመጣው። «ሊሊ ካልመጣች አልጀምርም» ይለን ነበር፤ እኔ ታላቋ ተቀምጬ! እበሽቃለሁ፤ እሱ ይስቃል።

የመጀመሪያው አልበማችን የወጣ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ሐምዱ ሚኒባሱ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይከፍተው ነበር። አንድ ቀን ጋቢና የተቀመጠ ሰውዬ «አንተ ሙስሊም አይደለህም እንዴ?» ሲለው፣ ሐምዱ መሪውን ሳይለቅ «አልሐምዱሊላህ፣ ሙስሊም ነኝ። እነዚህ ደግሞ የሰፈሬ ልጆች ናቸው» አለው። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ሳቃችንን በነጠላ አፍነን ነበር።

ከሁሉም ግን የሰበታውን አልረሳም። ዝናቡ ድንኳኑን አጋድሞት ጄኔሬተሩ ጠፋ። ማይክ የለም፣ ኪቦርድ የለም። ሰዉ ሊበተን ሲነሳ አንቺ በኦሮምኛ ጀመርሽ። ሰዉ ወደ ኋላ መሄዱን ትቶ ወደ እኛ ተጠጋ፣ ተጠጋ፣ በመጨረሻ ትከሻ ለትከሻ ሆንን። መሀል ላይ ሳትነግሪን ወደ አማርኛው ገባሽ፤ እኛም ገባን፤ ሰዉም ገባ። ልብስ ሰፊዋ አረጋሽ የሰፋችልን አዲስ ቀሚስ ቀለሙን ለቆ እግራችን አረንጓዴ ሆኖ ነበር ወደ ቤት የገባነው። «የደቻሳ ልጆች» ማለት ለእኔ ያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ መድረክ ወጥተናል፤ እንደዚያ ግን ዘምረን አናውቅም።

በ2006 የአምቦ መንገድ ሲዘጋ «ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል ቤታችን ገባ። ለአዲስ አበባ መስፋፊያ ቀያሾች መጥተው የኦቦ ሌንጂሳ ማሳ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ተክለው ሄዱ። በመጀመሪያ እሳቸው «በሬዎቼ ዞረውት ያርሳሉ» እያሉ ይስቁ ነበር። በኋላ ሳቁም ቀረ። ሁለተኛውን አልበም ስንጀምር አንቺ ግማሹ በኦሮምኛ ካልሆነ አልገባም አልሽ። አሳታሚያችን ባርናባስ እንዴት እንደለመነሽ!

«ሊሊዬ፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም። ሰሚው ለሁለት ይከፈልብናል።»

«እኛ ቤት አልተከፈለም» አልሽው። በዚሁ አለቀ።

ታኅሣሥ 2008 ስቱዲዮ ነበርን። ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ብቻ ስትዪ ሰማሁሽ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮሽ አውልቀሽ ቀስ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽው። «ጎበናን ገደሉት» አልሽ። ሱሉልታ ላይ ተማሪው ሰልፍ ወጥቶ፣ ሲበተን ከኋላው ነው የመቱት። ሐምዱ መንገዱ ዝግ ነው ሲሉት «የሚሄደውን ያህል እሄዳለሁ» ብሎ ወሰደን፤ የቀረውን በእግራችን ሄድን።

ቀብሩ ላይ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ዙሪያውን ነበር የሚያየው። ኦቦ ሌንጂሳ ከወንዶቹ መሀል ወጥተው እኛ ወደቆምንበት መጡ። «ሊሊ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለወንድምሽ ዘምሪለት» አሉሽ። ዘመርሽ። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን፣ እዚያው የወጣውን። «ማረሻው ቆሟል፣ በሬው ይጣራል፤ ልጁን ምድር ወሰደችው፣ ምድሩን ማን ይወስደዋል?» ልቀበልሽ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። የሶፊም አልወጣም። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን ዘመርሽ። አንድ ሰው በሞባይሉ ቀርጾሽ ኖሮ፣ ቡራዩ ሳንደርስ መዝሙርሽ ቀድሞን ደርሶ ነበር።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ተሰርዟል ተባለ። ኦቦ ሌንጂሳ ሬዲዮውን ሰምተው «ልጄስ?» አሉ። ከዚያ ተነስተው ከብቶቹን አስገቡ።

ባርናባስ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ የሰላም ፕሮግራም አለ፣ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ አልበሙን የሚያነሳልን ይሄ ነው ብሎ የመጣ ቀን አባዬም ነበር።

«ስለ ሰላም መዘመር ምን ክፋት አለው?» አለ ባርናባስ።

«ክፋት የለውም። የጎበናን ስም ጠርቼ እንድጀምር ይፈቅዳሉ?» አልሽው።

ባርናባስ ወለሉን አየ። «እሱማ…»

«እንግዲያው ሰላም አይደለም የሚፈልጉት፤ ዝምታ ነው። ዝም ለማለት ደግሞ ዘማሪ አያስፈልግም።»

አባዬ ተነስቶ ወጣና ግራይንደሩን አስነሳ። አልሄድንም።

የወሰዱሽ በ2009፣ ከኢሬቻው ሐዘን በኋላ ሰበታ ላይ ፋብሪካ ተቃጥሎ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን ነው። ጠዋት ነበር፤ ጸጉርሽን እየሠራሁልሽ ነበር። የግቢውን በር ከፍተው ገቡና «ዘፋኟ የትኛዋ ናት?» አሉ። አባዬ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ «እዚህ ቤት ዘፋኝ የለም። ዘማሪ ነው ያለው» አላቸው። ሞኝነት ነው ልትዪ ትችያለሽ፤ ግን አባዬ ሌላ ምን ነበረው? አንቺ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ በተፈታ ጸጉር ተነስተሽ «እኔ ነኝ» አልሽ።

ያን ጊዜ ስንቅ ይዘን የቱ ጋ እንዳልዞርን! ሰበታ ናት አሉን፣ እማዬ ሰበታ ሄደች፤ እዚህ የለችም፣ ሌላ ቦታ ናት አሏት። በመጨረሻ ከካምፕ የተፈታ ልጅ ቤታችን ድረስ መጥቶ «በሕይወት አለች» አለን። እማዬ እግሩ ላይ ወደቀች።

ተፈተሽ ስትመጪ ጸጉርሽ አጭር ነበር። እዚያ ስለነበረው አልጠየቅኩሽም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ግን ቤታችን ውስጥ የሆነውን አይቻለሁ። ሶፊ ልብስ እያጠበች ሳታስበው ታንጎራጉርና መሀል ላይ ቆም ትላለች፤ አንቺ እንድትገቢ። አንቺ ተነስተሽ ወደ ውጭ ትወጫለሽ። ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ስጪ፣ ጌታ ያደረገልሽን ዘምሪ ይሉሽ ነበር። በቀና ልብ ነው። አንቺ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ከንፈርሽን ገጥመሽ ትመለሻለሽ። አንድ ቀን ምርር ብሎኝ «ሊሊ፣ ድምፅሽ ጠፋ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩሽ።

«አልጠፋም ውቤ» አልሽኝ። «አፌን ስከፍት የሚመጣው ግን የቀብሩ ቀን ድምፅ ነው። ሌላውን ፈልጌ አጣሁት።»

ብዙም ሳትቆዪ ወደ ሞያሌ ሄድሽ፤ ከዚያ ናይሮቢ።

እኛ ቀጠልን። ሰው «በርቱ» ይላል፤ በረታን። አትክልት የምትባል ልጅ አንቺ ቦታ ገባች። ጎበዝ ናት፤ ኖታ ታነባለች፤ አንድም ቦታ አትስትም። ፕሮግራም ስንጨርስ ግን ለብቻዋ ተቀምጣ አየኋት። «ምን ሆንሽ?» ስላት «እናንተ ሁለታችሁ ስትዘምሩ ወደ እኔ አትዞሩም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዞሬ ሌላ ሰው ማየት ከብዶኝ ነበር። በሰላም ተሰናበተችን።

መንገዱም እንደ ድሮው አልሆነም። አዲስ አበባ ስንጠራ አስተባባሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለዛሬ ኦሮምኛዎቹን ብትዘሉስ?» ይለኛል። በሳምንቱ በዚህ በኩል ስንጠራ ሌላው «አማርኛውን ለዛሬ ተዉት፣ ልጆቹ ደስ አይላቸውም» ይላል። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም «ለእናንተው ብለን ነው» ይላሉ። ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ እየተውን ስንት ጊዜ እንደዘመርን! ከመድረክ ወርጄ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ድንጋይ ተሸክሜ የዋልኩ ያህል ይሰማኝ ጀመር።

ከዚያ የሶፊ ሽማግሌዎች መጡ። አዎ፣ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። ልጁ ወንዳፍራሽ ይባላል፤ ፉሪ ነው የሚኖረው፣ ዝምተኛና ደግ ነው። ሶፊ ይህን ልትነግርሽ ደውላ «ነይልኝ» ስትልሽ የመለስሽላትን እያለቀሰች ነገረችኝ። «ብመጣ አንድ ቀን ዘምሪ ትሉኛላችሁ። ባትሉኝም ዓይናችሁ ይለኛል» ብለሻታል። አልተቀየምኩም፤ ግን ከልቤ አልወጣልኝም። በማግስቱ ሶፊን «እንተወው?» አልኳት። የምትከራከረኝ መስሎኝ ነበር። «እኔ እኮ አንቺ እስክትዪ ነው የምጠብቀው» አለችኝ።

የመጨረሻውን ኦቦ ሌንጂሳ በሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን አደረግነው፤ ከጎበና ወዲህ እዚያ ዘምረን አናውቅም ነበር። በሁለት ድምፅ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ምንም ሳንዘል ዘመርን። ጥሩ አልነበረም ሊሊ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ላይኛው ላይ ተሰነጠቅኩ። ሰዉ ግን እልል አለልን።

ስንወጣ ኦቦ ሌንጂሳ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። አርጅተዋል። እጄን ያዙኝ።

«ሊሊ ትደውላለች?»

«ትደውላለች አጎቴ። ሁሌ እርስዎን ትጠይቃለች።»

«ዘምሪለት ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «አፌን ብይዝ ኖሮ ልጅቷ ዛሬ እዚህ ነበረች እያልኩ ነው የማድረው። ንገሪያት። ያን ቀን ሁላችን ስንፈራ ልጄን በስሙ የሸኘችልኝ እሷ ናት። ያ ይበቃል። ከእንግዲህ ማንም ምንም አይጠይቃትም። ‹ኮቱ› በያት። ነይ በያት።»

እነሆ አልኩሽ።

ሊሊዬ፣ ሰሞኑን እስረኛ ይፈታል እየተባለ ነው፤ ሰዉ ተስፋና ፍርሃት ቀላቅሎ ነው የሚያወራው። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ስለ አገሩ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ስለ ቤታችን ግን እችላለሁ። እዚህ አንቺን የሚጠብቅ ቡድን የለም፣ ፕሮግራም የለም፣ ባዶ የቆየ ማይክ የለም። መንገዱ ካልከበደሽ ለሰርጉ ነይ። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ይዘምራሉ፤ ተነጋግረናል። አንቺ፣ እኔና ሶፊ አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ ሌሎች ይዘምሩልናል፣ እኛ ዝም ብለን እንሰማለን።

ሁሌም እህትሽ፣
ውባንቺ