አችዬን የሸኘን ቀን

መርሳ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለአለሚቱ
ኩዌት

አለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት አደረገሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እኛ አንቺን ከመናፈቅ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ እሜቴ አሰለፈችም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ቢያስቸግራቸውም ምላሳቸው እንዳለ ነው። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አበባ በአበባ ሆኗል።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስልኩ ሲጮህ ልጃችን ህሊና ከእኔ ቀድማ ታነሳዋለች፤ ከአጠገቤም አትርቅም። የድምፅ መልእክት ልላክልሽ ብዬም ሞክሬ ነበር፤ መሀል ላይ እያቋረጥኩ ተውኩት። የውርጌሳዋ ፈይሩዝ እናንተ ዘንድ ልትሄድ ነው ሲሉኝ ጊዜ እሰይ አልኩና ይህን በእጇ ላክሁልሽ። አንቺን አግኝታ ሳትሰጥሽ እንደማትተኛ በአላህ ምላልኛለች።

አችዬ ሄደች። ያቺ ልጆቹን በነፃ ልታገለግል ከኬንያ የመጣችው፣ አንድ ሁለቴ በስልክ ያዋራሻት። ስሟ እንኳ አቺየንግ ነው፤ የህፃናት መዋያው ልጆች አችዬ አሏት፣ በዚያው ጸናባት። ስለ እሷ በወጉ አጫውቼሽ አላውቅምና ዛሬ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ጎሚስታ ቤቴ ስትመጣ ያረጀ ጎማ ስጠኝ አለችኝ። ለምንሽ ነው ብላት በእጇ ዥዋዥዌ እየሠራች አሳየችኝ። የአይሱዙውን ጎማ ነገ በጋሪ እልክልሻለሁ ብላት እምቢ ብላ፣ ራሷ እያንከባለለች አስፋልቱን ይዛ ሄደች። የባጃጁ ልጆች ሁሉ ቆመው ሲስቁባት እሷም አብራቸው ትስቃለች። በሳምንቱ መዋያው ግቢ ብሄድ ጎማው ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከግራሩ ተንጠልጥሎ የማን ልጅ ነበር የተሳፈረበት መሰለሽ? የእኛው ህሊና። ያቺ ከሰው ጋር አልጫወት ያለችው ልጅሽ። ከዚያ ወዲያ ያረጀ ጎማ ለደንበኛ መሸጥ ተውኩ፤ ሁሉም የአችዬ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሲደክማት አይታወቅባት፣ ልጅ ሲያለቅስ ዝም በል አትል፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ አልቅሶ እስኪወጣለት ትጠብቀዋለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ የገበያ ቀን ህሊና ከመዋያው ብትቀር አችዬ ልታያት መጣች። ልጅሽ በገበያ ቀን ከሱቄ ደጃፍ ጎማ ላይ ተቀምጣ ከገበያ የሚመለሱትን ሴቶች ስታይ ነው የምትውለው። እኔ ግርግሩን ወዳ ይመስለኝ ነበር። አችዬ አጠገቧ ተቀምጣ ብዙ ካዋራቻት በኋላ ወደ እኔ መጣችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣

«ደጀን፣ እናቴ ገበያ ናት ትላለች። እየጠበቀች ነው» አለችኝ።

መፍቻዬን ይዤ ቀረሁ። አንቺ እሷ ተኝታ ሳለች ወጥተሽ፣ ስትነቃ «ገበያ ሄዳ ነው» ያልናት እኮ እንዳትሸበር ብለን ነው። እናትሽም የመከሩን፣ አንቺም እያለቀስሽ የተቀበልሽው ለእሷው ብለን ነው፤ እዚህ አገር ማን እንዲህ ያላደረገ አለ? በስልክ «እማዬ፣ ገበያው አላለቀም?» ስትልሽ ሦስታችንም እንስቅ የለ? ለጨዋታ አልነበረም አለሜ። ከዚያ ጀምሮ የቀን እንቅልፍ እምቢ ያለችው፣ ሌሊትም የሸሚዜን እጅጌ ጨብጣ የምታድረው፣ ስተኛ ሰው ይሄድብኛል ብላ ኖሯል። እኔ አባቷ አጠገቧ ተኝቼ ይህን አላወቅሁም።

እንግዲህ የአችዬ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ጭንቀቱ የጀመረኝ ለዚህ ነው። ይህችም ከሄደች ልጄ ምን ትሆናለች ብዬ እህል አልወርድ አለኝ። እናትሽ አችዬን ቤት ጠርተው፣ ልጄ፣ ህፃን ፊት አይኬድም፣ በሌሊት ውጪ፣ እኛ ነገ ትመጣለች እያልን እናስረሳቸዋለን ሲሉ መከሯት። አችዬ ሻይዋን ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣

«ማማ፣ አንቺ እንግዳ ስትሸኚ እስከ አስፋልት ትሄጃለሽ። ልጅ ለምን አይሸኝም?» አለቻቸው።

እናትሽን አንቺ ማለቷን እስከ መጨረሻው አልተወችም። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን ከቤት በወጣ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ምን ይበሉ? አንድ ምሳ የበላ እንግዳ እንኳ በጉልበታቸው እየተጎተቱ ካልሸኘሁ የሚሉ ሴት ናቸው።

ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ? ጎማዎቹን ደርድራ ሚኒባስ ሠራች። ልጆቹን በየተራ መንገደኛና ሸኚ እያደረገች ታጫውታቸው ጀመር። መንገደኛው ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፣ ሸኚዎቹ ይስሙታል፣ ማልቀስ ያማረው ያለቅሳል፣ መኪናው ይሄዳል። ህሊና መንገደኛ አልሆንም፣ ሸኚም አልሆንም ብላ አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ ረዳት እሆናለሁ አለችና በሩን መዝጋት ያዘች። አችዬም በየቀኑ፣ ቅዳሜ እኔ የእውነት እሄዳለሁ፣ ነገ ግን አለሁ እያለች ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ወላጆች አጉረመረሙ። እኔም በሆዴ፣ ይህቺ ልጅ ልጄን ልትሰብርብኝ ነው ብዬ ነበር፤ ምን ልዋሽሽ።

ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን አስፋልት ወጣን። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስዳት የኢዘዲን ሚኒባስ ነበር። ኢዘዲንን ታውቂው የለ፣ ለአባቱም ቆሞ የማይጠብቀው? ያን ቀን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ተሳፋሪውም አንድ ሰው እንኳ ቶሎ በሉ አላለም። አችዬ አንድ በአንድ እያቀፈች ስማ፣ መጨረሻ ላይ ህሊና ፊት ተንበረከከች።

«አገሬ ሩቅ ነው። ነገ አልመጣም። አንቺ ጥፋት የለብሽም። ሥራዬ አልቆ ነው የምሄደው» አለቻት።

ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ዞር ብዬ የኢዘዲንን ጎማ የማይ መሰልኩ። አችዬ ገብታ ስትቀመጥ ልጅሽ እንባዋን በእጇ ጠረገችና የሚኒባሱን በር ለመዝጋት ትታገል ጀመር። ረዳቱ ሊያግዛት ሲል ኢዘዲን ተዋት አለው። ዘጋችው። በመዳፏም ቆርቆሮውን መታ መታ አድርጋ «ሳበው!» አለች። እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም አለሜ። ያን ጊዜ ከጎኔ ብትቆሚ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም እንደ አችዬ ዝም በይ ሳልል አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ቤት ገብተን ገና ፀሐይ ሳለች ጭኔ ላይ እንቅልፍ ጣላት። የሸሚዜን እጅጌ አልያዘችም። እናትሽ በሩ ላይ ቆመው አዩዋትና ተመለሱ። ኋላ ሲጸልዩ የአችዬን ስም ሲጠሩ ሰማኋቸው።

ከሽኝቱ በኋላ በመጣው የገበያ ቀን ደጃፍ አልወጣችም። ሱቅ ውስጥ መጥታ «እማዬ ገበያ አይደለችም፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ አይደለችም አልኳት። ኩዌት የሚባል ሩቅ አገር ውስጥ እንዳለሽ፣ ለእኛ ብለሽ እንደምትሠሪ፣ ለጥምቀት መጥተሽ ደግሞ እንደምትመለሺ ነገርኳት።

«ለምን ቻው አላለችኝም?»

«ተኝተሽ ስለነበር ነው።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?»

የዚህን መልስ አንቺ ይዘሽላት ነይ።

ባለፈው ስንነጋገር፣ ስመለስ እንደ በፊቱ በሌሊት እወጣለሁ፣ ዓይኗን እያየሁ መሄድ አልችልም አልሽኝ። እንደማትችዪ አውቃለሁ፤ እኔም አልችልም። ግን በሞቴ ይሁንብሽ፣ ልጃችን እኮ ትችላለች። በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ሌሊት ዳግመኛ ወደ ቤቴ አታምጪው። በቀን ውጪ፣ እኛም በቀን እንሸኝሽ። እናትሽም እስማማለሁ ብለዋል፤ ነጭ ቀሚሳቸውን እንደሚለብሱም ከወዲሁ ነግረውኛል።

ህሊና በሩን እኔ ነኝ የምዘጋው እያለች ከአሁኑ ለኢዘዲን ነግራዋለች። «ሳበው» የምትለውም እሷ ናት። ብቻ ያን ጊዜ ከመኪናው ፊት ቆሞ መንገድ አልለቅም የሚል ጎሚስታ ብታዪ ታዝበሽ እንዳትቀየሚው።

የወለደችሽ እናትሽ ምርቃት፣ የልጅሽ ናፍቆት፣ የድንግል ማርያም ጥላ ካለሽበት አይለይሽ። በደህና ያገናኘን።

መጥተሽ እስክትቀመጪ በር በሩን የሚያይ
ባልሽ ደጀን