ባትሪዋ ከመውደቋ በፊት

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ውሃ መጣ። በርሜሎቹን ሞላሁ። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ኢምፔሪያል ሃምሳ ደቂቃ... ይህን መንገድ የነደፈው ማን ነው?

ከሰዓት ጣሃ ከምድር ቤት ሱቁ ወጥቶ የእጅ ባትሪዬን ተዋሰ፤ ቆጣሪ ሊያይ። መለሳት፤ አትበራም። «ደረጃው ላይ ከእጄ አመለጠች፣ ኢንጂነር።» አመለጠች... እግር አላት? ሱቁ ድረስ ወርጄ ደንበኞቹ ፊት ነገርኩት፤ እጅህ ወንፊት ነው፣ ለአንተ ዕቃ የሚያውስ ሞኝ ነው አልኩት። ስኳር መመዘኑን ቀጠለ።

ልክ ነበርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ባለቤቴ ምንትዋብ ቁርስ ላይ አስታወሰችኝ። እሁድ የጣሃን ልጅ ፈሂማን ለጋብቻ የጠየቁት ሽማግሌዎች መልስ ለመስማት ይመጣሉ። ጣሃ ወንድም የለውም፤ ከጎኑ እንድቀመጥለት የለመነኝ ባለፈው ወር ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት... እሺ ብያለሁ።

«ሰድበኸው ስታበቃ ከጎኑ ልትቀመጥ ነው?»

ይቅርታ ይጠይቀኝና እቀመጣለሁ አልኳት። ስኒዬን ሳልጨርስ አነሳችው። ከዚህ ንግግሯ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
አልመጣም። በሱቁ በር አለፍኩ። ሰላምታ የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
ባትሪዋን ፈታሁ። ጋዜጣ አነጠፍኩ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ አዘጋጀሁ። ያወለቅኩትን ሁሉ በተራ ደረደርኩ፤ ሰው ዕቃ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። መስታወቱ ደህና። አምፖሉ ደህና። ማብሪያው ደህና። ታዲያ ምን ቀረ?

የኋላ ክዳኑ። ድንጋዮቹን የሚገፋው ሞላ በዝገት ተበልቶ ለሁለት ተሰብሯል። ይህ የሦስት ቀን ዝገት አይደለም። ከሥሩ የማስቲካ ብር ወረቀት ተሸጉጧል፤ አራት ጊዜ የታጠፈ፣ ጠርዙ ከጠርዙ የገጠመ።

በዚህ ሕንጻ ወረቀት እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ክረምት ላይ ሞላው ሲሰበር... ለጊዜው ብዬ የሸጎጥኩት። ለጊዜው የሚባል ጥገና የለም እያልኩ ስንቱን ተማሪ ያስደገምኩ እኔ። መውደቋ ወረቀቱን አንሸራተተው እንጂ ምንም አልሰበረም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ከአሮጌ ሪሞት ሞላ አወጣሁ። ክዳኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ሞላው ትንሽ ይረዝማል፤ ለክቼ ቆረጥኩ። በራች። ከፊቱ ይልቅ አሁን ትሻላለች።

ሱቁ ሰው እስኪሞላ ጠብቄ ወረድኩ። ስሰድበውም ሰው ፊት ነበር።

«ጣሃ፣ የተበላሸችው ከመውደቋ በፊት ነው። ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት። አገላብጦ አየው።

«አስተጣጠፉ ግን ያምራል» አለ። ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሳቁ። ተናደድኩ... ቻልኩት። ስድቤን አንስቻለሁ አልኩ፤ ድምፄን ሳልቀንስ።

«እሁድ አራት ሰዓት ነው፣ ኢንጂነር። ጫማ ይወለቃል፤ ካልሲህን እይ።»

እሁድ፣ ኅዳር 8
ሽማግሌዎቹ ሃያ አምስት ደቂቃ አረፈዱ። ልናገር ስል ጣሃ ጉልበቴን ጫን አደረገኝ። ሰዓቴን በእጅጌዬ ሸፈንኩ። ስለላካቸው ልጅ ስለ ሱልጣን ሥራና ጠባይ ግን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ጣሃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ፈተና አይደለም አለኝ። ይሁን... መልሶቹ ጥሩ ነበሩ። እሺ ተባለ። ፈሂማ ከጓዳ በር ላይ ሆና አየችኝ፤ ሳቀች።

ካልሲዬ አዲስ ነበር።

ባትሪዋን ሱቁ ውስጥ ትቻት መጣሁ። ሲፈልግ ይጣላት።