መሐረቡን ማን ያጥበዋል?

ሽሜ፣ አንተ ጋቢ ለባሽ!

የድሬን ሙቀት ለደብረ ብርሃን ብናካፍል ጋቢህን ሸጠህ ቁምጣ ትገዛ ነበር።

የእህቴን የሶፊን ሻንጣ ተሸክሜ መጥቼ የለ? ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ የሞላበት ግቢ ውስጥ፣ የድሮ የፈረንሳይ ልቦለድ የሚያጠኑ ምሁራን ተሰብስበዋል። እኛ በኳስ እንደምንጣላው እነሱ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት በተጻፈ ፍቅር ይጣላሉ! ዶክተር ወልደጻድቅ የሚባል ሰው ስለቀረ፣ ስሙ ያለበትን ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ፊት ወንበር ጉብ አልኩ።

ሶፊ በነዚያ ልቦለዶች ውስጥ ስላለው ለቅሶ የመጀመሪያ ጥናቷን አቀረበች። እነሱ ዘንድ ጥያቄ ያልተጠየቀበት ጥናት እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው። አዳራሹ ጭጭ! ልጅቷ ራሷ ልታለቅስ ደረሰች። አውቶብስ ላይ መንገዱን ሙሉ ስታነበንብልኝ ስለነበር እጄን አወጣሁ፤ "ሴቶቹ ይህን ያህል ካለቀሱ መሐረቡን ማን ያጥበዋል?"

አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ብድግ አሉና "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ" ብለው ስለ ልብስ አጣቢዎች ጀመሩ። አንዷ ምሁር ተቃወመቻቸው። እስከ ምሳ ተፋጁልህ! የሶፊ ፊት በራ።

ቤት ውስጥ "አንተ ደደብ" እያለች የምትጠራኝ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ባጄን አይታ፣ ሳቋን በጥርሷ ይዛ ምን አለች መሰለህ? "ስለ ጥልቅ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ፣ ዶክተር።"

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናትህን እማማ የሺመቤትን ሳምልኝ። አንተም ከእንግዲህ አንቱ በለኝ።

ፍቅረ ማርያም