እማዬና አባዬ ሊጋቡ ነው

ማክሰኞ፣ ማርች 4
የሒሳብ ፈተናው... ባይወራ ይሻላል። እራት ዓሣና ድንች ጥብስ። የኔድ ክፍል እንደተዘጋ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ በሩን የነካው የለም። እማዬ በሜይ የልብ ቀዶ ሕክምና አለባት፤ ከዚያ በፊት ኑዛዜ ልታደርግ ነው። ጠበቃዋ ጋ እኔም እሄዳለሁ። ቤት ብቻዬን ሊተዉኝ ፈርተዋል።

ሐሙስ፣ ማርች 6
አሁንም እየሳቅኩ ነው! የምንኖርበትን ቤት ለእማዬ ያወረሰቻት አያቴ ናት፤ በእማዬ ስም ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ለአባዬ ልታወርሰው ፈለገች። ጠበቃዋ "መቼ ተጋባችሁ?" አለች። አባዬ ደረቱን ነፋ።
"ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። በሕግ ባልና ሚስት ነን።"
"እንደዚያ የሚል ሕግ የለም።"
"እንዴት የለም? አገር ሁሉ የሚያውቀው!"
"አገር ሁሉ ተሳስቷል።"
ለባል ቢሆን የውርስ ግብር የለበትም። ባል ላልሆነ ግን... የለንደን ቤት ደግሞ ውድ ነው። ግብሩን ለመክፈል መሸጥ ግድ ይሆናል። የኔድ ክፍልም አብሮ... አባዬ ፊቱ ነጣ። እማዬ ግን ሳቅ አመለጣት። እኔንም። ኔድ "ስማ ዲቃላው!" ነበር የሚለኝ። "አንተስ?" ስለው፣ "እኔማ በኩሩ ዲቃላ ነኝ!" እውነቱን ነበር ማለት ነው?

ቅዳሜ፣ ማርች 8
አባዬ ሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ ሽንኩርት እንደያዘ ተንበረከከ!
"ሮዝ፣ ታገቢኛለሽ?"
"ለፍቅር ነው ለግብር?"
"ለሁለቱም።"
"ተነስ ባክህ፣ ወረፋው እየሄደ ነው።"
እሺ ማለቷ ነው? ገንዘብ ተቀባይዋ አጨበጨበች። ነው ማለት ነው!

ዓርብ፣ ማርች 14
ለጋብቻ ሊመዘገቡ ሄዱ። ለየብቻ ይጠየቃሉ። አባዬ የእማዬን የልደት ቀን ሳተ! መዝጋቢው፣ "ጌታዬ፣ ለመሆኑ ትተዋወቃላችሁ?" እማዬ ሰማች... መንገዱን ሙሉ ስታበሽቀው መጣች። የሰርግ ቀን ተሰጣቸው፤ ከሕክምናዋ በፊት። እፎይ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9
ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንዷ ጎረቤታችን ሚስስ ፓጄት። ሌላው... ሁላችንም ማን መሆን እንደነበረበት እናውቃለን።
"እኔ እሆናለሁ" አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26
ጠዋት የኔድን በር ከፈትኩ። ሽታው እንዳለ ነው... ያንን አስቀያሚ ቢጫ ጃኬቱን ለበስኩ። እጅጌው ረዘመብኝ። እማዬ ደረጃው ላይ ስታየኝ ቆመች።
"በሰርጌ ቀን ይሄን?"
ከዚያ ኮሌታውን አስተካከለችልኝ። እጇን ቶሎ አላነሳችም።
አባዬ መዝጋቢው ንግግሩን ሳይጨርስ እማዬን ሳማት። "ገና ነው ጌታዬ!" እንደገና ሳማት። እጅጌውን ሰብስቤ ፈረምኩ። ሚስስ ፓጄት ከሙሽራዋ በላይ አለቀሰች።
ቤቱ ተረፈ።
ኬክ ስንቆርስ አባዬ ብርጭቆውን አነሳ። "ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዲቃላ አይደለህም!" ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ግን ጋብቻው ከዲቃላነት የሚያወጣው በሕይወት ያለን ልጅ ብቻ ነው...
ኔድ፣ ዲቃላ ሆነህ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ማዕረጉ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው። ክፍልህም ያንተው ነው፤ ማንም አይሸጠውም። በሩን ክፍት ትቼዋለሁ።