የዳለቻ ቀንድ

ለወንድሜ ለበዳሳ፤

እንዴት ነህ ወንድምዓለም? ያ ወገብህስ ተሻለህ? ሄኒ እንዴት ናት? ሮሃዬ ጥርሷን አበቀለች? የካልጋሪ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ሳሊተ ምሕረት ሁላችንም አለን፤ አባባም ከዓይናቸው በቀር ደህና ናቸው። ደብዳቤ የጻፍኩት የአባባን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርኩ ተቆራረጠ እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ወር ካርጎ የምንሠራውን ለሥልጠና ዓረብ አገር ልከውን ነበር። በእረፍት ቀናችን በረሃ መሃል ወዳለ ፓርክ ወሰዱን፤ የጥንት ሰዎች ድንጋይ ላይ የቀረጹትን ልናይ። ፀሐዩ ጉድ ነው! የሥራ ባልደረባዬ ፈሂማ "ድንጋይ ለማየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው?" እያለች ስታስቀን ነበር። ቋጥኙ ሥር ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። በሬዎች ናቸው በዳሳ! ቀንዳቸው የረዘመ በሬዎች። ያኔ አገሩ ሣር ነበር አለን አስጎብኚው። ፈሂማ ልትነካው እጇን ብትሰድ ዘበኛው ፊሽካውን ነፋባት። ገመድ አጥረውለታል፣ ዘበኛ ቀጥረውለታል፤ ባለቤቱን እንኳ ለማያውቁት በሬ! እንባዬ መጣ። ፈሂማ ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውሃ አፈሰሰችብኝ።

የእኛን ድንጋይ ረስተኸው ይሆናል። አያታችን የሚያርሱበት በሬ በሞተ ቁጥር የቀንዱን ምስል የሚቀርጹበት፣ አውድማው ዳር የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ። እርሻው ሁሉ ቤት ሲሆን እሱ ብቻ ግቢያችን ውስጥ ቀረ። አባባ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ በጣታቸው እየዳሰሱ የበሬዎቹን ስም ይጠሩ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ለእረፍት መጥተህ፣ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ "ለሰርቪስ ቤቱ ቦታ ይዟል" ብለህ አስፈለጥከው። እኔስ ምን አደረግኩ? አፌን ዘግቼ ለፈላጮቹ ምሳ አቀረብኩ። ለአባባ "እንዳይጎዳ ተሸፍኖ ከተከራዮቹ ጓሮ ተቀምጧል" ያልካቸው አንተ ነህ፤ አዎ እያልኩ የኖርኩት ግን እኔ ነኝ።

ከበረሃው ስመለስ አባባ "ምን አየሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ "የእኛንስ መቼ ነው የምታስነኪኝ?" አሉ። በማግስቱ ተላጭተው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። ምን ልበላቸው? ወሰድኳቸው። ከፍላጩ በተሠራው የሰርቪስ ቤት ግንብ ላይ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ግንበኛው ሳያስተውል ቅርጹን ወደ ውጭ አዙሮ የከተተው አንድ ቁራጭ አለ። እጃቸውን እዚያ ላይ አደረግኩላቸው። ጣታቸው ቀንዱን ተከትሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ሲሚንቶው ጋ ሲደርስ ቆመ። "ዳለቻ" አሉ። ግንቡን ሁሉ ዳሰሱ፤ ሌላ የለም። "ማን ነው ያስፈለጠው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው። ሞኝ ነኝ፤ ስምህ ሲጠራ ፊታቸው ሲፈካ እያየሁ አንተ ነህ ለማለት አንጀቴ አልቻለም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ከእጄ ውሃ እንኳ አይቀበሉም። ጎረቤታችን እቴ አሰጋሽ እየመጣች ባታበላቸው ጦማቸውን ይውሉ ነበር። አንተ ስትደውል ግን ይስቃሉ። ባለፈው እሁድ "አንተ ብትኖር ኖሮ ድንጋዬ አይነካም ነበር" ሲሉህ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። አንተስ ምን አልክ? "አዎ አባባ" አልክ! አላፈርክም?

ይህ እንደደረሰህ፣ በመጀመሪያው እሁድ ደውልና ንገራቸው። የእኔን ጥፋት አትሸፍንልኝ፤ ምሳውንም ንገራቸው። የራስህን ግን አስቀድም።

ሄኒን ሰላም በልልኝ፤ ሮሃን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። እቴ አሰጋሽን ናፍቀሃታል፤ ፎቶ ላክ ብላለች። ከተከራዮቹ እነ መርሃዊም ሰላም ብለውሃል። የአባባን ሰላምታ ልጽፍልህ አልቻልኩም፤ አያናግሩኝማ።

እህትህ ገላኔ
ሳሊተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.