ቃል ያልያዘ ደብዳቤ

ማክሰኞ

ሐጂ ሙሳ አታሎኛል። ሌላ ሰው የጻፈውን ደብዳቤ በራሱ ማኅተም እያተመ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ ሲያሞኘኝ ከርሟል። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

ሦስት ሰዎች ነን። እኔ መተማ፣ ሐጂ ሙሳ ሽንፋ፣ መምህር ውበቱ ሳንጃ። በድሮ ሰዎች ወግ እንጻጻፋለን። በመቃ ብዕር፣ በጥላሸትና በሙጫ ራሳችን በበጠበጥነው ቀለም፣ ማኅተሙን ከአናት ላይ አድርገን፣ ሰላምታውን ከነማዕረጉ። ፖስታ ቤት አንሄድም፤ መልእክተኛ ይይዘዋል። መጨረሻው ላይ እንደ ጥንቱ «የቀረውን ነገር ይህን ወረቀት የያዘው ሰው በቃል ይነግርዎታል» ብለን እንዘጋለን። ይህ ለጌጥ አይደለም። አንድ ነገር ሳንጽፍ እናስቀራለን። ለመልእክተኛው እንነግረዋለን፤ እሱም ደጃፍ ቆሞ ይናገረዋል። በዚህ ሐጂ ሙሳን የሚያክለው አልነበረም። ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ምላሱ ቅቤ ያቀልጣል። አንድ ጊዜ በሹፌር አፍ «ታከለ ሆይ፣ ጢምህን ተላጭ፤ የሽንፋ ሕፃናት በአንተ እየተስፈራሩ ነው የሚተኙት» ብሎ ልኮብኛል።

ዛሬ ጠዋት ሹፌሩ አደም ከሽንፋ ደብዳቤ አመጣ።

«ቃሉስ?» አልኩት።

«የምን ቃል ጋሼ?»

«የሐጂ ቃል ነዋ!»

«ወረቀቱን ነው የሰጡኝ። ኻላስ፣ በቃ!»

ይህ አምስተኛው ነው። አምስቱም ላይ «የቀረውን በቃል ይነግርዎታል» ይላል። አምስቱንም ያመጣ ሰው ቃል አልያዘም። የጻፈው ሰው ያቺን መስመር ከድሮ ደብዳቤዎች ላይ ገልብጧታል፤ ምን እንደምትሠራ ግን አያውቅም። ሐጂ ቢሆን ያውቃል።

ረቡዕ

ደብዳቤዎቹን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረጋሁ። የድሮዎቹን በቀኝ፣ አምስቱን በግራ።

ማኅተሙ የራሱ ነው።
ቀለሙም የራሱ ነው። ሙጫ ያበዛል፤ ወረቀቱ ላይ ያብለጨልጫል።
ፊደሉ ይመስላል። ከመጠን በላይ ይመስላል። ሐጂ ግን መስመሩን ወደ ላይ ሳያንጋድድ ጽፎ አያውቅም፤ እነዚህ እንደ ክር ቀጥ ያሉ ናቸው።

አደምንም ጠርጥሬው ነበር። ቃሉን እየረሳ፣ ወይም መንገድ ላይ ለሰው እየነገረ እንደሆነ ብዬ መኪናው ድረስ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እኔ የሰው አደራ ድንበር ተሻግሬ ገላባት ድረስ አድርሻለሁ» አለኝ ተቆጥቶ። «ሁለት ቃል ይጠፋኛል?»

«ደብዳቤውን በእጁ የሰጠህ ማነው?»

«ልጃቸው ዘህራ ናት። በሩን ገርበብ አድርጋ።»

«ሐጂን አየሃቸው?»

አሰበ። «ኧረ እኔስ ካየኋቸው ቆየሁ።»

ስልክ ደወልኩ። በስልክ አለመነጋገር ልማዳችን ነው፤ ለዚህ ግን ደወልኩ። ዘህራ አነሳችው። «ተኝተዋል» አለችኝ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። «ገበያ ወጥተዋል።» የተኛ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ገበያ ወጣ? ውሸት ነው።

ባለቤቴ እማዋይሽ ሰምታኝ ሳቀች። «በስልክ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን በመቃና በጥላሸት ወር ስትፈጅበት ኖረህ፣ አሁን ደግሞ ምርመራ ጀመርክ? ፖሊስ ያርግህ!»

ፊደል የቆጠርኩት እርሻ ካምፕ ውስጥ፣ ትራክተር እየጠገንኩ፣ በመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። የለፋሁበትን ነገር ማንም ቀልዶበት አያልፍም።

ሐሙስ

ለመምህር ውበቱ ጻፍኩ። ሕጋችንን አስታወስኩት። ስንጀምር እኔ አርቅቄ ሦስታችንም የፈረምንበት ነው፤ «በራሱ እጅ ያልጻፈ ከመካከላችን ይውጣ» ይላል። ሐጂ ሙሳ በሌላ እጅ እያጻፈ ልኮልናል፣ ስለዚህ ይውጣ አልኩ። አለሰለስኩም። ማኅተሜን አተምኩበት።

ሰሊጥ ያጨዱ ሠራተኞችን ወደ ሳንጃ የሚመልስ አይሱዙ ነበር። ለሹፌሩ ሰጠሁት። ቃሉንም ነገርኩት፤ «የሐጂን ስም ከወረቀትዎ ይፋቁት» እንዲልልኝ። ሦስቴ አስደገምኩት።

ነገ ሽንፋ እሄዳለሁ። ሐጂ ጁምዓ አይቀርም። መስጊዱ በር ላይ ቆሜ፣ ሰው እያየ፣ በዚህ ወግ የሚያትምበትን ማኅተም እቀበለዋለሁ።

ዓርብ

ገንዳ ውኃ ከተማ ላይ መኪና ቀይሬ ከስግደቱ በፊት ሽንፋ ደረስኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሐጂ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቁልፉ አቧራ ለብሷል። ሰው ከመስጊድ ወጥቶ አለቀ። ሐጂ የለም። አንድ ሽማግሌ ጠየቅሁ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አሉኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያዩ።

«ወዳጁ ነኝ።»

«ወዳጅ ከሆኑ ቤቱን ያውቁታል» ብለውኝ አለፉ።

ዘህራ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ። ጊዜ አልሰጠኋትም። «አባትሽን ጥሪልኝ። ማኅተሙን ልቀበለው ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ይግቡ» አለችኝ ዝቅ ብላ። «እሳቸው መውጣት አይችሉም።»

ሐጂ ሙሳ በገመድ በተጠለፈ አልጋ፣ አንገረቡ ላይ ተጋድሟል። ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም። አፉ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። ሲያየኝ አወቀኝ። ሊናገር ታገለ፤ ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ወጣ፣ ቃል አልሆነም። ያ ምላስ! ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

ተቀመጥኩ።

«ክረምት ሲገባ ነው ስትሮክ የመታቸው» አለች ዘህራ። «የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ አነብላቸዋለሁ። መልሱን እየጻፍኩ መስመር በመስመር እጠይቃቸዋለሁ። ከተስማሙ በግራ እጃቸው አልጋውን ይመታሉ። ካልተስማሙ እሰርዛለሁ። አንዷን ሰላምታ አራት ጊዜ አስለውጠውኛል።»

«ለምን አልተነገረኝም?»

መሬት መሬት እያየች መለሰች። «በራሱ እጅ ያልጻፈ ይውጣ ያሉት እርስዎ አይደሉ? አባቴ ፈሩዎት። ደግሞ እንዲህ መሆናቸውን ሰው እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም። ጎረቤቱም ብዙው አያውቅም። መምህሩም እንዳይሰሙ።»

በወጣትነታችን ትራክተሬ በጎርፍ ሲያዝ ገመድ ይዞ ወንዝ የገባልኝ ሰው ነው። ያ ሰው እኔን ፈራ።

የከርከዴ ሻይ አመጣችልኝ። ስጠጣ ግራ እጁን አነሳ። የሚፈልገው ነገር ያለ መስሎኝ ጎንበስ አልኩለት። ጢሜን ይዞ ጎተተኝ። አጥብቆ ጎተተኝ። ከዚያ በግማሽ አፉ ሳቀ።

ማኅተሙን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ወደ ሳንጃ ስለላክሁት ደብዳቤ ለዘህራ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ

ደብዳቤውን ማስመለስ አለብኝ። መምህር ውበቱ ካነበበው ይጠይቃል። ከጠየቀ ደውሎ ያጣራል፣ ወይም ሽንፋ ይሄዳል። የሐጂ ገመና በእኔ እጅ ተገለጠ ማለት ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ የለም። መናኸሪያ ወረድኩ። ወደ ሳንጃ የሚሄድ መኪና የለም፤ አንዱ መንገዱ ተዘግቷል ይላል፣ ሌላው አልተዘጋም ይላል። የማንኛቸውንም ቃል አላመንኩም። ከሰዓት በኋላ ያንን የአይሱዙ ሹፌር አገኘሁት፤ ተመልሷል። ደብዳቤውን ገና ያልሰጠ መስሎኝ ልቤ ደስ አለው።

«ደብዳቤዬስ?»

«አስረክቤያለሁ ጋሼ። ቃሉንም አንዷ ሳትጎድል!» አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

አመሰገንኩት። ምን ጥፋት አለበት?

እሑድ

ስልኩ ሠራ። መምህር ውበቱ ደውሎ ቀደመኝ።

«ጋሽ ታከለ፣ ደብዳቤዎ ደንቆኛል። ምንድነው ነገሩ?»

«ተሳስቻለሁ። ይቅደዱት።»

«እንዴት ያለ ስሕተት?»

«አምስቱም የሐጂ ናቸው። አጣርቻለሁ።»

«ሐሙስ በማኅተም ያጸደቁትን እሑድ አፈረሱት? እርስዎ? በትራክተር ቢጎትቱዎት የማይነቃነቁት ሰውዬ?»

«አዎ።»

«ሽንፋ ሄደው ነበር?»

«ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ ሐጂ ምን አሉ?»

«እባክዎ ደብዳቤውን ይቅደዱት።»

«የሚደብቁኝ ነገር አለ» አለኝ። «እኔን ከሁለታችሁ መካከል አወጣችሁኝ ማለት ነው።»

«እንደዚያ አይደለም።»

«እንግዲያው ይንገሩኛ!»

ሐጂ ደህና ነው፣ መጻፉን ይቀጥሉለት አልኩት። እሺም እንቢም ሳይለኝ ዘጋው። በዕድሜዬ ሰው ሲዋሽ እንጂ ራሴ ስዋሽ አላውቅም ነበር። ዛሬ ዋሸሁ? የዋሸሁ አይመስለኝም። እውነቱን ተናገርኩ ለማለትም አልደፍርም።

ሰኞ

ለሐጂ መልሱን ጻፍኩ። ሰላምታውን ከነማዕረጉ። ስለ አንገረቡም፣ ስለ ዘህራም አንዲት ፊደል የለበትም። እጄ ሦስት ቦታ ቀለም አፈሰሰ፤ እንደገና አልገለበጥኩትም።

እማዋይሽ «ከሽንፋ ከመጣህ ወዲህ ምን ነካህ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «ምንምማ እንዲህ አያደርግም» ብላ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። አደምም ነገር ሸቶታል፤ ስለ ሐጂ ሲጠይቀኝ መኪናህን ንዳ አልኩት።

መምህር ውበቱ ሊያኮርፍ ይችላል። መጻፉንም ሊተው ይችላል። ሦስታችን ሁለት ብንሆን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይጠርጥረኝ። ሕጉን አልቀደድኩትም። እኔ ያወጣሁትን አልቀድም። ሐጂ ሙሳ ግን ከመካከላችን አይወጣም። ምክንያቱን የሚጠይቀኝ ካለ፣ ሚስቴም ትሁን መምህሩ፣ መልስ የለኝም። ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አልናገርም። እዚህም አልጽፈውም።